ነጭ የቀረችው ቅጠል

መሪጌታ ልመንህ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ጥቁር ሰማያዊ እርሳስ በጣቶቻቸው መካከል እንደያዙ፣ ሞተው ተገኙ። ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ሰባት ነበር። ምሳቸውን ይዛ የገባችው የእህታቸው ልጅ ዘነበች ነበረች። የጮኸችው ጩኸት መካነ ኢየሱስን ከዳር እስከ ዳር አናወጣት። ወደ ደብረ ታቦር ሊነሳ የነበረ አውቶቡስ ሹፌር ጎማው የፈነዳ መስሎት ወርዶ አራቱንም ጎማ ዞሮ አየ። ወገዳ ድረስ ተሰማ የሚሉ አሉ፤ እሱ እንኳ ቢጋነን፣ ግማሽ መንገድ መድረሱን የሚክድ ሰው አልተገኘም።

መሪጌታው በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት አቻ ያልተገኘላቸው የሐረግ ሰው ነበሩ። ሐረግ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለው፣ ቅጠልና ማሰሪያው እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄደው ጌጥ ነው። እርሳቸው የሳሉት ሐረግ ላይ ያረፈች ዝንብ መውጫው ጠፍቷት እዚያው ታድራለች ይባል ነበር። ከአምስት ዓመት ወዲህ ግን የቀለም ሽታ ደረታቸውን እየዘጋ አስሙ ቢያስቸግራቸው፣ ብሩሹን ሰቅለው ወደ ባለቀለም እርሳስ ዞሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ተማሪዎች እየተቀበሉ፣ የተሳለን ሐረግ በእርሳስ ቀለም ማልበስ፣ ማድመቅና ማደብዘዝ ያስተምሩ፣ የቤት ሥራም ይሰጡ ነበር። ተማሪዎቹ «የኔታ» ይሏቸዋል።

«አብልታዋለች!» አለ አቶ ዋለ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ግቢው ለቀስተኛ እንደሞላ። «ጠዋት ብርዝ የሰጠችው ማን ናት? እሷ! ወንድሜን በማር አድርጋ አበላችው!»

የጤና ባለሙያው ቁስል አላገኘም። ትንፋሽ አጥሯቸው መሞታቸውን ብቻ ተናገረ፤ ከብርዙ የተረፈውም ለምርመራ ወደ ከተማ ተላከ። ውጤቱ ግን በወር ቢመጣ መልካም። ቀብሩ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ ነገሩ ካልጠራ፣ ዘነበች ከአራት ዓመቷ ጀምረው ያሳደጓትን ሰው ሳትቀብር ወደ ጣቢያ ልትወሰድ ነው። አቶ ዋለ «ከአስከሬኑ ኋላ አንዲት እርምጃ ብትራመድ እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም» ብሎ በመቶ ሰው ፊት ምሏል።

ነገሩ ለኢንስፔክተር ብርቄ ታከለ ተሰጠ። ብርቄ አጭር፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ዝምታዋ ከሌላ ሰው ጩኸት የሚያስፈራ ሴት ናት። ስማዳ ሳለች የጠፋ በሬ እበት ብቻ አይታ የሌባውን ስም ከነአያቱ ጠራች ይላሉ። እርሷ ስትጠየቅ «አያቱን እንኳ አልጠራሁም» ትላለች።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሥዕል ክፍሉ ገባች። አስከሬኑ ገና አልተነሣም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ገጽ ስልሳ ቅጠል ያለው ሐረግ ነው። ሃምሳ ዘጠኙ ቢጫው ወደ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ ቡናማ እየጠለቀ፣ ማሰሪያው ከማሰሪያ ሥር በሚያልፍበት ሁሉ በጥቁር ሰማያዊ ጥላ ተደርጎበት፣ ከወረቀቱ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስላል። በታች፣ በቀኝ ጥግ ያለችው አንዲት ቅጠል ብቻ እንደ ጨው ነጭ ናት።

«እዚያች ላይ ሲደርሱ ሞት ቀደማቸው» አለች ዘነበች እያለቀሰች።

«ጠዋት ስትወጪ ምን እየሠሩ ነበር?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወፍጮ ቤት ስሄድ ሊጀምሩ እርሳስ ይቀርጹ ነበር። ወረቀቱ መስመሩ ብቻ ነው፤ አንድ ቀለም አልነካውም። ብርዙን አምጥቼ ጥጉ ላይ ባስቀምጠው ተቆጡኝ። ‹ወረቀቴን አጨማለቅሽው› አሉኝ። እኔም አኩርፌ ወጣሁ። እስቲ አሁን፣ በመጨረሻ ቀናቸው ማኩረፍ ነበረብኝ?»

«መቼ ተመለስሽ?»

«ስድስት ሰዓት። ወረፋው መከራ ነበር። ሲሠሩ ሰው ከገባባቸው አይወዱም፤ በሩን አልከፈትሁም። ምነው በከፈትሁት!»

«ይህን ገጽ ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸዋል?»

«ቢፈጥኑ አራት ሰዓት።»

አቶ ዋለ ከበሩ ላይ ዘለለ። «በይ እንግዲህ ቁጠሪው፣ ኢንስፔክተር! ሁለት ተኩል ጀመረ፣ አራት ሰዓት ሠራ፤ ስድስት ተኩል ድረስ በሕይወት አለ ማለት ነው። ስድስት ተኩል ላይ ግቢው ውስጥ ማን ነበረ? እሷ ብቻ!»

ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። ብርቄ ግድግዳውን ዞራ አየች። የመሪጌታው የቆዩ ሥራዎች ከአርባ በላይ ተሰቅለዋል፤ በአንዱም ላይ ነጭ የቀረ ቅጠል የለም። ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆመች። ደፉ ላይ፣ ከወንበሩ አምስት እርምጃ ርቆ፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒታቸው ክዳኑ እንደተገጠመ ቆሟል።

«ይህ ቦታው እዚህ ነው?»

ዘነበች ዕንባዋን ጠርጋ አየችው። «ኧረ በማርያም! ከቀኝ እጃቸው ተለይቶ አያውቅም። ቤተ መቅደስ ሲገቡ እንኳ በእጃቸው ጨብጠውት ነው።»

ብርቄ መድኃኒቱን በመሐረቧ ጠቅልላ ወጣች።

ዓርብ ማለዳ ከተማሪዎቹ የመጀመሪያውን፣ ጌታነህን፣ በሥራ ቦታው አገኘችው። ጌታነህ የሱቅ ማስታወቂያ ጻፊ ነው፤ ሰሌዳ አጋድሞ «ሥጋ ቤት» የሚል ቀይ ፊደል ይስላል።

«ከንፋስ መውጫ እስከዚህ ፊደሌ ያልተለጠፈበት ሱቅ ካለ ሱቁ ገና አልተከፈተም ማለት ነው» አላት።

«የቤት ሥራህን አሳየኝ።»

ያንኑ ስልሳ ቅጠል አወጣ። መሪጌታው ሐረጉን አንዴ ስለው አራት ፎቶ ኮፒ አስነሥተው፣ ሦስቱን ለተማሪዎቹ ሰጥተው አንዱን ለራሳቸው አስቀርተዋል። ጌታነህ እርሳሱን እንደ ማረሻ ስለሚጫነው የወረቀቱ ጀርባ በትልም ተሞልቷል። በታች በቀኝ ጥግ ያለችዋ ቅጠል ግን ነጭ ናት።

«ይህችንስ ምነው ተውሃት?»

«እሷማ የየኔታ ናት። ተማሪ አይነካትም። ሥራህን አይተው ደስ ካላቸው በራሳቸው እጅ ይቀቧታል፤ ያን ጊዜ አለፍህ። እኔ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ አልፌ አላውቅም። ‹አንተ የምትጽፈው ሥጋ ቤት ነው፣ ሐረግ አይደለም› ይሉኛል።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ቀረበት። ስልኩን አወጣና አሳያት። «ረቡዕ ማታ ይህን ፎቶ አሳየኋቸው።»

ፎቶው የሐበሻ ቀሚስ ነው። የታችኛው ጠርዙ ላይ የመሪጌታው ሐረግ ከነመስቀሉ ተጠልፏል።

«ባንቺዓለም የጠለፈችው ነው። መስቀል ያለበት ሐረግ መሬት ለመሬት ሲጎተት! የኔታ ስልኩን መለሱልኝና ‹እሑድ በሕዝብ ፊት ከተማሪነት አወጣታለሁ› አሉ። እኔ ለሃይማኖቴ ተቆርቁሬ እንዳይመስልሽ ኢንስፔክተር። በየሳምንቱ የምታልፈው እሷ ናት፤ ቀንቼ ነው።»

ሁለተኛው ተማሪ ዲያቆን ምስጋና ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ወረቀቱን ሲያወጣ ከጥጓ ነጭ ቅጠል በቀር ገጹ ሁሉ ቢጫና ብርቱካን ብቻ ነው።

«ቀዩ የት አለ?»

«ገና አልደረስሁም። የኔታ ዘንድ አንዱን ቀለም ለገጹ ሁሉ ሳያዳርሱ ሌላውን ማንሣት ነውር ነው። ፈዛዛው ይቀድማል፣ ጨለማው ይከተላል። ራሳቸውም ከዚያ ዝንፍ ብለው አያውቁም።»

«እርሳሱን ማን ገዛላችሁ?»

«እኔ ነኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ታቦር፣ ለሁላችንም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፣ አዲስ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ቄስ አይደሉም፤ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ።

«ተናገር ልጄ።»

«ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ በአጥራቸው በኩል ሳልፍ ሲያስሉ ሰማሁ። ከባድ ሳል ነው። ገብቼ ልያቸው ብዬ በሩን ልገፋ ነበር። ያልጨረስሁት ሥራ ትዝ አለኝ፤ ‹የት አለ?› እንዳይሉኝ ፈርቼ ቆምሁ። ከዚያ ሳሉ ድንገት ቆመ። መድኃኒቱን ሳቡ ብዬ ‹ተመስገን› አልሁ። ‹ተመስገን› ብዬ ሄድሁ!» ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ሦስተኛዋ ባንቺዓለም ናት። ከገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ነበር። እንደ እርሷ በጥልፍ እጇ የሚቀናባት ሴት በሦስቱ ወረዳ የለችም፤ የጠለፈቻት ወፍ ስትበር የታየችበት ቀን አለ ይባላል። ለኢንስፔክተሯ ተነሥታ ወንበር አቀረበች።

«ሐሙስን የት ዋልሽ፣ እታለም?»

«ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ገበያ ነበርሁ። ቀሚስ ስሸጥ ያላየኝ ሰው የለም።»

«ከአምስት በፊትስ?»

«እዚሁ ነበርሁ፣ ብቻዬን።»

«የቤት ሥራሽን አሳይኝ።»

«የገበያ ሳምንት ሆኖብኝ አልጀመርሁትም።» ከመሳቢያ መስመር ብቻ ያለበትን ንጹሕ ወረቀት አወጣች። ብርቄ ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየችው። ጥጉ ላይ ቀይ የክር ብናኝ ተጣብቆበታል። በእጇ ልታራግፈው ብትሞክር አልለቀቀም።

«እርሳሶችሽንስ?»

ሣጥኑ ተከፈተ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ጫፋቸው አልተነካም። ቢጫው፣ ብርቱካኑ፣ ቀዩና ቡናማው የአውራ ጣት ቁመት ቀርቷቸዋል። ጥቁር ሰማያዊው በሣጥኑ ውስጥ የለም።

«የጥልፍ ንድፍ ሠርቼባቸዋለሁ» አለች ባንቺዓለም ሳትጠየቅ።

«ወረቀቱን ልውሰደው?»

«ይውሰዱት።» ድምፅዋ እንደ ክር ቀጠነ።

ሰባት ተኩል ላይ ሁሉም በሥዕል ክፍሉ ተሰበሰቡ። ከውጭ የአልቃሾቹ ድምፅ ይመጣል፤ አስከሬኑ በትልቁ ቤት ተገንዞ ተኝቷል። አቶ ዋለ እጁን አጣምሮ በሩን ይዟል። ዘነበች ጥግ ላይ ቆማለች፤ ከአጠገቧ ፖሊስ አለ። ሦስቱ ተማሪዎች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረዋል።

«ከመድኃኒቱ ልጀምር» አለች ብርቄ። «ትንፋሽ ያጠረው ሰው አምስት እርምጃ ሄዶ፣ መድኃኒቱን ከድኖ መስኮት ላይ አኑሮ፣ ተመልሶ እርሳስ አይጨብጥም። መድኃኒቱን ወደዚያ የወሰደው ሌላ እጅ ነው።»

«የሷ እጅ!» አለ አቶ ዋለ ወደ ዘነበች እየጠቆመ።

«ታገሥ አቶ ዋለ፤ ያንተን ሒሳብ ልመልስልህ ነው። ይህ ገጽ የአራት ሰዓት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ወንድሜ እስከ ስድስት ተኩል ቆይቷል አልህ። ሁላችሁም ይህችን ነጭ ቅጠል እያያችሁ ሞት እዚህ ላይ ቀደማቸው አላችሁ። እስቲ ዲያቆን፣ የኔታ ቀለም የሚያለብሱት እንዴት ነው?»

«ቢጫውን ለሁሉም ቅጠል፣ ከዚያ ብርቱካኑን ለሁሉም፣ ከዚያ ቀዩን...»

«መጨረሻ?»

«ጥቁር ሰማያዊውን።»

«እንግዲያው የመጨረሻዋ ቅጠል ላይ ሲደርሱ ቢሞቱ፣ የጎደላት ጥቁር ሰማያዊው ብቻ ነበር። ቢጫው፣ ብርቱካኑ፣ ቀዩ፣ ቡናማው ይኖርባት ነበር። ይህችን እዩዋት። ቢጫ እንኳ አልነካትም። ይህች ቅጠል ከመጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው ቀለም ጀምሮ፣ ሆን ተብላ የታለፈች ናት። ጌታነህ፣ ቅጠል የሚያልፍ ማን ነው?»

ጌታነህ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ተማሪ! ይህ የየኔታ ሥራ አይደለም፤ የተማሪ ገጽ ነው!»

«ቤት ተሠርቶ ያለቀ የተማሪ ገጽ ነው። እዚህ የፈጀው አራት ሰዓት ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ለማኖር የሚበቃ ቅጽበት ብቻ ነው። ያንተ ሒሳብ እዚህ ላይ ፈረሰ፣ አቶ ዋለ። ወንድምህ እስከ ስድስት ተኩል አልቆዩም። ዲያቆኑ አራት ሰዓት ላይ ሳላቸው ሲቆም ሰምቷል፤ የቆመው ሳሉ ብቻ አልነበረም። አራት ሰዓት ላይ ዘነበች ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ነበረች። ዛሬ ጠዋት ባለ ወፍጮውንና ስድስት ወረፋ ጠባቂዎችን ጠይቄ መጥቻለሁ።»

አቶ ዋለ የተጣመረ እጁ ተፈታ።

«አራት ወረቀት ነበር» ቀጠለች ብርቄ። «የጌታነህ ከጌታነህ ጋር አለ፤ የዲያቆኑም ከዲያቆኑ ጋር። ይኸኛው የማን ነው? ባንቺዓለም ያልጀመርሁት ወረቀት ብላ ይህን ሰጠችኝ።» ንጹሑን ወረቀት አነሣች። «ዘነበች፣ ነይ እስቲ ጥጉን ንኪው።»

ዘነበች ቀርባ በጣቷ ነካችው። «ያጣብቃል» አለች። ከዚያ የክሩ ብናኝ ክብ ሠርቶ መጣበቁን አየች፤ የብርጭቆ ቂጥ የሚያህል ክብ። «የብርዙ ነው! የተቆጡኝ... ይህ የእርሳቸው ወረቀት ነው!»

«ማሩ የባንቺዓለምን ክር ያዘው። የእርሷ ሥራ እዚህ ቀረ፤ የእርሳቸው ባዶ ወረቀት እርሷ ቤት ገባ። ከሣጥኗ የጎደለው ጥቁር ሰማያዊ እርሳስም በሟቹ ጣቶች መካከል ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የየኔታ ሣጥን አሥራ ሁለቱም ሙሉ ነው።»

ባንቺዓለም እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች።

«እታለም» አለች ብርቄ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያችን አንዲት ቅጠል ብትቀቢያት ኖሮ እኔም ምንም ባላወቅሁ ነበር። እርሳሱ በእጅሽ ነበር። ለምን ተውሻት?»

ባንቺዓለም ቀና አለች፤ ጥያቄው ገርሟት ነበር። «የእርሳቸው ናት እኮ! እንዴት አድርጌ እነካታለሁ?»

ጌታነህ አንገቱን ደፋ። ዲያቆኑ አማተበ።

«ልገድላቸው አልመጣሁም» አለች። «የቀሚሱን ፎቶ ማየታቸውን ሰምቼ፣ እርሳቸው ሥራ ሳይጀምሩ ደርሼ፣ ሥራዬን አሳይቼ ልለምናቸው ነበር። ቀሚሱን ቆርጬ ጣልሁት አልኋቸው። ‹እሑድ በሕዝብ ፊት› አሉኝ። በሕዝብ ፊት ከተባረርሁ ማን ያሠራኛል? ማን ሰላም ይለኛል? እስከ አራት ሰዓት እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንሁ። እየተቆጡ ሳል ያዛቸው። እጃቸውን ወደ መድኃኒቱ ሲሰዱ እኔ ቀደምሁና አነሣሁት። ‹ይቅር ብዬሻለሁ ይበሉኝና እሰጥዎታለሁ› አልሁ። ወደ መስኮቱ ሸሸሁ። አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ድምፅ የለም። እምቢ ያሉኝ መሰለኝ! ቃሏን ብቻ እየጠበቅሁ ነበር። በምን ትንፋሽ ይበሉኝ? ይህን ያሰብሁት ዝም ካሉ በኋላ ነው።»

«ከዚያስ?»

«የተሠራ ገጽ ፊታቸው ካለ እኔ ገበያ እስክሄድ በሕይወት የቆዩ ይመስላል ብዬ ወረቀቱን ለወጥሁት፤ እርሳሴንም አስያዝኋቸው። በዘነበች ላይ እንደሚመጣ አላወቅሁም። ስሰማ ግን ዝም አልሁ። ከትናንት ጀምሮ ዝም ብያለሁ።»

ፖሊሱ ከዘነበች አጠገብ ተነሥቶ ወደ አግዳሚው ሄደ። አቶ ዋለ በሩን ለቀቀ። ቁመቱ በር የሚሞላው ያ ሰውዬ የእህቱ ልጅ ፊት ሲቆም ልጅ አክሎ ነበር። «በመቶ ሰው ፊት ነው የማልሁብሽ» አላት። «እኒያን መቶ ሰዎች ከየት እሰበስባቸዋለሁ?»

«ሁሉም ውጭ ናቸው» አለች ዘነበች። «ሂድና ንገራቸው።»

ወጣ። ወዲያው ልቅሶው ጸጥ ሲል፣ ከዚያም የአቶ ዋለ ድምፅ ብቻውን ሲናገር ተሰማ።

አስከሬኑ ሲነሣ ባንቺዓለምን ወደ ጣቢያ የሚወስደው ባጃጅ በግቢው በር ላይ ቆሞ መንገድ ይጠብቅ ነበር። ዘነበች ከአልጋው ኋላ፣ ከሁሉ ፊት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ባንቺዓለም ከባጃጁ ውስጥ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«ዘነቡ፣ ይቅር በይኝ። አንድ ቃል በይኝ ብቻ።»

ዘነበች ቆመች። ከኋላዋ ያለው ሕዝብ ሁሉ ቆመ። ብርቄ ሹፌሩን በእጇ እንዲታገሥ ምልክት ሰጠችው።

«አሁን ቀብሬን ልቅበር» አለች ዘነበች። «ለሰልስቱ ስንቅ ይዤልሽ ጣቢያ እመጣለሁ። እስከዚያ ምን እንደምልሽ አላውቅም።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ኮፍያውን አወለቀ። የየኔታ አልጋ በፊቱ አለፈ።